አባቴ «እርስዎ» ያሉኝ ጊዜ

እንቅልፍ እምቢ ብሏል። ያከራየችኝ ሴትዮ ሌሊት ሠርቼ ቀን የምተኛ መሆኔን ስትሰማ በመጋረጃው ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ደርባ ሰቅላልኛለች፤ ያም ሆኖ ቀኑ በጠርዝ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፣ ታች ቤት ሬዲዮ ያወራል፣ አውቶቡስ መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፣ እኔ ከሆስፒታሉ አንሶላ ማጠቢያ ተመልሼ፣ እጄ ገና ሶዳ ሶዳ እየሸተተ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ አንዲት ቃል አገላብጣለሁ። እርስዎ። አባቴ እርስዎ አሉኝ። እኔን፣ የመጨረሻ ልጃቸውን፣ አፍንጫዬን በነጠላቸው ጫፍ የጠረጉልኝን፣ ዳዊት ስደግም ስሳሳት ጆሮዬን የቆነጠጡኝን። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከገባሁ ጀምሮ የምደውለው እኔ ነበርሁ፤ ባሕር ዳር ቴሌ እደውላለሁ፣ ሰው ይልኩባቸዋል፣ ቆይቼ መልሼ ስደውል ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመጣሉ፣ «አንተ ልጅ፣ በላህ ወይ? ብርዱስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እሳቸው ራሳቸው ደውለው አያውቁም። አንድ ቀን ግን ሴትዮዋ ከታች «ማይክል፣ ስልክ!» ብላ ጠራችኝ፣ ስሜን እንዲህ አሳጥራዋለች፣ በካልሲዬ ደረጃውን ወረድሁ።

«ሃሎ፣ ዓምደ ሚካኤል ነዎት?»

«አባባ! ምን ተፈጠረ? እታለም ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከሌላ ሰው ጋር ያምታቱኝ መሰለኝ። «እኔ ነኝ አባባ፣ ዓምዴ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። አገሩ ሰላም ነው። ምሕረት ተደርጓል፣ የሄደው ሁሉ እየተመለሰ ነው። እናት አገር ትጠራዎታለች። ይምጡ፣ ቤትዎ ይጠብቅዎታል።»

«ተቀይመውኛል አባባ?»

 ሽቦው ውስጥ የነፋስ ድምፅ አለ፣ ወንበር ይሁን ምን ሲጎተት ይሰማል፣ ከዚያ አባቴ ቃል በቃል፣ ለተማሪ እንደሚያስጽፍ ሰው፣ «በሰው አገር አይቅሩ፣ ይምጡ» ይላሉ፣ ስልኩም ይዘጋል። ሁለታችን እርስዎ ስንባባል ቤተ ክህነት የተገናኙ ሁለት ጳጳሳት እንመስል ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። ሴትዮዋ ሻይ አመጣችልኝ፣ መርዶ የሰማሁ መስሏት።

አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ቅኔ ያስተምራሉ። ደቅ ደሴት ተወልደው፣ እዚያው አስተምረው፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ሙሉነሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ስትይዝ ተከትለዋት ባሕር ዳር ገቡ፣ ከድልድዩ ባሻገር ዓባይ ማዶ ጎጆ ቀለሱ፣ ተማሪውም ተከትሏቸው መጣ። ቃል አያባክኑም። ተማሪ ሲያጠፋ አይጮኹም፣ ከፍ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ጓደኛውን በሐሰት ከሰሰና ነገሩ ተጣራበት፣ አባቴ ምንም አላሉም፣ በማግስቱ «እርስዎ ዛሬ ይቀኛሉ?» አሉት፣ በሦስተኛውም ቀን «እርስዎ ይቀመጡ» አሉት፣ ልጁ ደበሎውን ጠቅልሎ ሄደ፣ ማንም ሂድ ሳይለው። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርሁ፣ ግን ገብቶኛል፤ ከአባቴ አፍ እርስዎ ማለት በር መዝጋት ነው። እንግዲህ ለኔም በሩ ተዘጋ። ዘጉትና ደግሞ ይምጡ ይላሉ። ሽማግሌ አባቱን ጥሎ ለሄደ ልጅ ሌላ ምን ይባላል? እሄዳለሁ። ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፣ ከዚያ እንደ ፈለጉ ይጥሩኝ።

አስማማውም እንሂድ ይላል። አስማማው የጎንደር ልጅ ነው፣ እዚሁ ማጠቢያው ቤት አንሶላውን እሱ ከአንድ ጫፍ እኔ ከሌላው ይዘን እንዘረጋለን፣ ስንት ሰው ታሞ የተኛበትን ጨርቅ እያጠፍን ስለ አገር እናወራለን። የመመለሻ ወረቀቱን ጠይቀናል፣ ለሁለታችንም ደርሷል፣ ከፋሲካ በፊት እንሄዳለን ብለናል። ከአገር ስንወጣ ግን አብረን አልነበርንም፤ እኔ የወጣሁት ጣናን ተሻግሬ በደልጊ በኩል ነው። በዚያ ዓመት ከክፍላችን ወንበሮች ባዶ እየሆኑ ሄደው ነበር፤ ትናንት አጠገቤ የነበረ ልጅ ዛሬ የለም፣ የት ሄደ የሚልም የለም፣ የቀበሌው የውይይት ክበብ ስሜን ጠርቶ ሁለተኛ ሊጠራኝ ሲል አባቴ ወደ ደቅ ወሰዱኝ፣ ደበሎ አልብሰው ከተማሪዎቻቸው መሐል ደባለቁኝ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ሐይቁ ጉም ለብሶ ሳለ በደንገል ታንኳ ተሳፈርን። አባቴ ራሳቸው ቀዘፉ። የደቅ ሰው ናቸው፣ የቅኔ መምህር ይሁኑ እንጂ ታንኳ የልጅነታቸው ነው፤ እኔ ከፊት ተቀምጬ ውኃው ከሥር ልብሴን ሲያርሰኝ ይሰማኛል፣ አሁንም ይሰማኛል፣ ይህ አልጋ ደረቅ ነው ብዬ ዳብሼ አረጋግጣለሁ። የደልጊ ዳር ሲታይ ዓሣ አጥማጆች መረብ ይሰበስባሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ወረድሁ። አባቴ መቅዘፊያውን ተደግፈው ቆመው «እግርህን አድርቀህ ነው ጫማህን የምታደርግ፣ እርጥብ እግር መንገድ ላይ ይቆስላል» አሉኝ፣ ሌላ ምንም። እግሬን በነጠላቸው አደረቅሁ። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅዬ ወረድሁ፣ እግሬም አልቆሰለም። ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም በአብያተ ክርስቲያናት ማኅበር በኩል ይህ ዝናብ። አዘዘ የሚባል የቀበሌው ካድሬ ግን «ልጅህን የት አደረስኸው?» እያለ አባቴን ሲያመላልስ ኖረ። ይህን የሰማሁት ከእታለም ነው፣ እሷም በስልክ «የቀበሌው ሰው ዛሬም ስላንተ ሲጠይቅ ዋለ» ብላ በጨዋታ መልክ ነው ያለችኝ። እሳቸው አንድ ቀን አላነሱልኝም። አንተ ልጅ፣ በላህ ወይ፣ ይህ ብቻ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳልተኛ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ኮሌጅ ለመግባት የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለብኝ፣ ለፈተናውም ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የመድረክ ትራጀዲ፣ መጨረሻው ሞት የሆነ ተውኔት፣ ማንበብ ግድ ነው። ወደ አገሬ የምመለስ ሰው ይህ ምን ያደርግልኛል፣ ግን የጀመርሁትን መተው አልለመድሁም፣ እሄዳለሁ። አስተማሪያችን ሚስስ ሃርግሪቭ ነጭ ጠጉራቸውን በእርሳስ ጠቅልለው የሚሰኩ ሴት ናቸው። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ፖላንዳዊት፣ ሁለት የፓኪስታን ወንድማማቾች፣ ጡረታ የወጣ አንድ አውቶቡስ ነጂና እኔ ነን። ነጂው እንግሊዛዊ ነው፣ የገዛ ቋንቋው ነው፣ ግን እንደኛው ይደናበራል። «ይህ መጽሐፍ የማታውቁት ቃል ሲመጣ አያታልላችሁም» ይላሉ ሚስስ ሃርግሪቭ፤ «ያን ጊዜ መዝገበ ቃላት ታያላችሁ። የሚያታልላችሁ የምታውቁት ቃል ሲመጣ ነው።» አንድ ቀን ነፋሱ መርከቧን «ሌት» (let) አደረጋት የሚል መስመር ላይ ደረስን፣ ሁላችንም ነፋሱ ፈቀደላት፣ ለቀቃት ብለን ተረጎምን፣ ቀጥለን ስናነብ ግን መርከቧ ወደቡ ላይ እንደ ታሰረች ናት። ነጂው ራሱን አከከ። ቃሉ በዚያ ዘመን ከለከለ፣ አገደ ማለትም ነበር፣ ዛሬ የቀረው ፈቀደ የሚለው ብቻ ነው አሉን። ሰዎቹ ሳቁ፣ ቋንቋ እንዲህ ይሆናል እንዴ አሉ። እኔ አልሳቅሁም። ደቅ ላይ፣ ከዋርካው ሥር፣ አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው «ፈቀደ ስትል ተጠንቀቅ፤ በአማርኛ ይሁን ብሎ ለቀቀ ነው፣ በግዕዝ ፈለገ፣ ወደደ ነው፣ ፊታቸው አንድ ስለሆነ ልባቸው አንድ አይምሰልህ» ሲሉኝ ይታየኛል። ለሚስስ ሃርግሪቭ ይህን ነገርኋቸው። እርሳሳቸውን ከጠጉራቸው መዝዘው መጽሐፋቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ አባቴ ምን እንደሚሠሩም ጠየቁኝ። ቅኔ ለእንግሊዝ ሰው ማስረዳት አልቻልሁበትም፤ ባለቅኔ ናቸው፣ ደቀ መዝሙር አላቸው ብዬ አለፍሁት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወይስ ያ ሐሙስ ነው፣ ቀኑ ይምታታብኛል፤ መስኮቱን ዝናብ ይመታል፣ ራዲያተሩ ይንኳኳል፣ ዛሬ የምንማረው ስለ «ዛው» እና ስለ «ዩ» ነው። የዛሬ እንግሊዞች ለሕፃኑም ለንግሥቲቱም ዩ ይላሉ፣ አንድ ቃል ነው ያላቸው፣ የድሮዎቹ ግን ለቅርብ ሰው፣ ለልጅ፣ ለወዳጅ፣ ለእግዚአብሔርም ዛው ይሉ ነበር፣ ለሚከበርና ለሚራቅ ሰው ዩ። ፖላንዳዊቷ ወዲያው ገባት፣ እኔም ገባኝ፣ ነጂው «ምን ልዩነት ያመጣል?» አለ። በተውኔቱ ውስጥ አጎቷ በግንብ ያሰራት አንዲት ልዕልት አለች፤ አብሯት አንድ ጡት የጠባ የሞግዚቷ ልጅ አለ፣ ኦስዊን ይባላል፣ እየተደበቀ ይመጣል፣ ሊያስመልጣት ያስባል። እስከ ዛሬ «ዛው» ነበር የምትለው፤ አንተ፣ አንተ፣ አንተ። በዚህ ገጽ ላይ ግን ጀምራ ሳትጨርስ ዩ ትለዋለች። አጎቴ ደግ ሰው ነው ትላለች፣ ነገ በትልቁ በር ይምጡ፣ የሚጠብቅዎ ወዳጅ ብቻ ነው ትላለች።

«ለምን ተቀየረች?» ሚስስ ሃርግሪቭ ናቸው።

«ተቆጥታዋለች» አለ ነጂው። «ሚስቴ ሚስተር ካለችኝ እራት የለም ማለት ነው።»

ሳቁ። «አዎ» አልሁ እኔ፣ «ተቀይማዋለች። ዘግይቶባታል።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ አስተማሪያችን። «እስኪ ከንግግሯ በላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችውን አንብብልን።»

እኔ እንደዚያ ያሉትን ነገሮች አላነብም ነበር። የመድረክ ማስታወሻ ናት፣ ማን ገባ ማን ወጣ የምትል፣ ዓይኔ ይዘላታል። አነበብኋት። ሁለት ዘበኞች ይገባሉ ትላለች።

«አየህ» አሉ ሚስስ ሃርግሪቭ በቀስታ። «ሰው ቃሉን ሲለውጥ መጀመሪያ ከጎኑ ማን እንደ ቆመ እዩ።»

ክፍሉ ቀጠለ፣ እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ የለሁም። ልጅ ነኝ፣ ከመከታው በስተጀርባ አጎዛ ላይ ተኝቻለሁ፣ እናቴ ወለተ ሚካኤል በተማሪዎቹ ፊት «መሪጌታ፣ እርስዎ ይቅመሱ እንጂ» ስትል ውላ፣ ተማሪው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ «አንተ ሰውዬ፣ በል ና ብላ፣ ገደልኸኝ» ትላለች፣ አባቴም ይስቃሉ፣ በሰው ፊት የማይስቁትን ሳቅ። ያኔ አላስገረመኝም፣ የማንም እናት እንዲህ ናት። ደግሞ ስልኩን እሰማዋለሁ፣ ደረጃው ሥር በካልሲዬ ቆሜ፤ ወንበር ተጎተተ፣ አባቴ ስልክ ቆመው ነው የሚያወሩት፣ ስለዚህ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነበረ። እናት አገር ትጠራዎታለች አሉ። አባቴ! እናት አገር የሚለውን ቃል አባቴ በሕይወታቸው ተናግረው አያውቁም፣ አገር ሲሉ አገር ብቻ ነው፣ ይህ የሬዲዮ ቃል ነው፣ የአዘዘ ቃል ነው። ለተማሪ እንደሚያስጽፍ ሰው ቃል በቃል አሉኝ፤ ሲያነቡ ነው የነበሩት። ና ያለኝ አዘዘ ነው። እርስዎ ያሉኝ ግን አባቴ ናቸው። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሳቸው የሆነች ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀን እሷን ይዤ ስከፋባቸው ኖርሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ሚስስ ሃርግሪቭ አመመህ ወይ አሉኝ፣ የለም አልሁ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆብ ሳላደርግ እስከ ማጠቢያው ቤት በእግሬ ሄድሁ።

አስማማው አላመነኝም። ከሞቀው አንሶላ መሐል ቆመን፣ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፍኖት፣ «በአንዲት ቃል ተነሥተህ አገርህን ልትተው?» አለኝ።

«አባቴ አንዲት ቃልም ቢሆን በከንቱ አይለውጡም።»

«ሽማግሌ ናቸው፣ በስልክ ተደናግጠው ነዋ! የኔ እናት ስልክ ስታነሣ መስገድ ነው የሚቀራት።»

«አዘዘ አጠገባቸው ነበር አስማማው። ወንበሩን ሰምቼዋለሁ።»

«ወንበር ሰማሁ ብለህ ትቀራለህ?» ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው፣ የአንሶላውን ጫፍ ይዞ ወደኔ ቀረበ፣ «እኔ ግን እናቴን ማየት አለብኝ ዓምዴ። አንተ ቃል ስትመረምር እናቴ ትሞትብኛለች።» አልያዝሁትም። ሰው እናቱን ሊያይ ሲሄድ ምን ተብሎ ይያዛል? ካፖርቱን ለኔ ትቶ ሄደ፣ ጎንደር ይህ አያስፈልግም ብሎ። ከፋሲካ በኋላ ደወለ፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። እናቱ አለች፣ ማንም ምንም አላለውም፣ ግብርና ቢሮ ጸሐፊ አድርገው ቀጥረውታል፣ ሚስትም እየፈለጉለት ነው። «አየህ፣ ቅኔ ስትቆጥር ቀረህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዋሽቶ እንዳይሆን ብዬ ቃሉን አንድ በአንድ መረመርሁት፣ አንተ አንተ እያለ ነው የሚያወራኝ፣ የሚያስቅ ነገር ሲነግረኝ ራሱም ይስቃል፣ ደህና ነው። ታዲያ እኔ? ምናልባት አባቴ እውነት ተቀይመው ይሆን? ምናልባት በሰፊ በር ጠርተውኝ፣ ዓይናቸውን መንገድ ላይ አድርገው፣ እኔ ከመጽሐፍ በቃረምሁት ጥበብ ቀርቼባቸው ይሆን? ክፍሉን ተውሁት። መጽሐፉንም ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አልገለጥሁትም፤ ኦስዊን እንደ ገባው ወይም እንዳልገባው የሚናገረው ገጽ ቀጥሎ ነው፣ እጄ አልታዘዝልህ አለኝ።

ባሕር ዳር እደውላለሁ። የቴሌዋ ልጅ ትሕትና አላት፣ ድምፄን ለምዳዋለች። «ሰው ልከን ነበር፣ መሪጌታ ቤት የለም ሰው» ትላለች። ሌላ ጊዜ እደውላለሁ፣ «ቤቱ ዝግ ነው» ትላለች። ፋብሪካው እህቴን ይጥሩልኝ እላለሁ፣ «ፈቃድ ላይ ናት አሉ» ትላለች። በመጨረሻው ቆይታ ወስዳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ይታገሡ፣ ክረምቱ ይለፍ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልደወልሁም። እዚያ ዝናቡ ጣናን እያጥለቀለቀ፣ ዓባይ ድልድዩ ሥር ቡናማ ሆኖ እየተንከባለለ ነው፤ እዚህ በጋ ነው፣ ሰዎች ሣር ላይ ተኝተው በፀሐይ ይቀላሉ፣ እኔ ብርሃኑ በማያልቅ ቀን ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የተዘጋ ቤት አያለሁ፣ በሩን፣ የበሩን ሰንሰለት፣ ደጁ ላይ የበቀለውን ሣር። አልጸልይም እል ነበር፣ ጸለይሁ። አሁን ግን ያ ሁሉ አልፏል፣ አሁን የምተርከው ለራሴ ነው፣ እንቅልፍ እስኪመጣ።

መስከረም ካለቀ በኋላ ነው፣ ሴትዮዋ ጠራችኝ፣ ወረድሁ፣ እታለም ናት። ከአዲስ አበባ ነው የምትደውለው፣ አባባን ለዓይናቸው ሕክምና አምጥታቸው፣ የአክስታችን ልጅ ቤት ሆና። «እቤት እኛ ብቻ ነን» አለች በመጀመሪያ፣ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ነገረችኝ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ልብስ እንደምታጥፍ ሴት። አዘዘ ልጅህን ካልጠራኸው ብሎ ቴሌ ይዟቸው ሄደ፣ የሚሉትን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው፣ ራሱ አጠገባቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለበላዮቹ ዓምደ ሚካኤልን በእጄ አስገባላችኋለሁ ብሎ ኖሯል፤ ከክፍሌ ልጆች በሕይወት ያለሁ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ስለ ሁሉም ሊጠይቁኝ ነው። ፋሲካ አልፎ ስቀር አባቴን አሰሯቸው። ክረምቱን ሙሉ። እሷም ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ ከደጁ አልጠፋችም፣ ስንቅ እያቀበለች። በመስቀል ሰሞን ፈቷቸው፣ አዘዘም ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ከተፈቱ ወዲህ ኑሯቸው ደቅ ነው፣ ተማሪውም እዚያ ተሰብስቧል፣ ዓይናቸው ግን በእስሩ ደክሟል።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። በኔ መቅረት ታሰሩ። ትክክል ነበርሁ፣ ትክክል በመሆኔም አባቴ ክረምቱን መሬት ላይ ተኙ። ይህን ምን ላድርገው? የት ላስቀምጠው? እታለም «ይኸው ይናገሩህ» አለች።

«አንተ ልጅ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «በላህ ወይ?»

 ሴትዮዋ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።

«ዓምደ ሚካኤል። አለህ?»

«አለሁ አባባ። በኔ ምክንያት… እኔ ብመጣ ኖሮ—»

«ብትመጣ ሁለት እንሆን ነበር። አንድ ሰው ሲታሰር አንድ ይበቃል። ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ፣ ክረምቱን ሁሉ ሳስበው የኖርሁትን። ፈርተህ ነው የቀረህ ወይስ ገብቶህ?»

«ገብቶኝ ነው አባባ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን። ያ ልጅ ጽፎ በሰጠኝ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርሁም፣ አንዲት አልቀነስሁም። ማዕረግህን ብቻ ከፍ አደረግሁልህ። ለምን እርስዎ ትለዋለህ አለኝ፣ ተምሯል፣ ፈረንጅ አገር ገብቷል፣ ይከበር እንጂ አልሁት። ደስ አለው።» ሳቁ፣ በሰው ፊት የማይስቁትን ሳቅ፣ እኔም ከእንባዬ ጋር ሳቅሁ። «ግን ወዲያው እንዳልገባህ አውቄ ነበር። ተቀይመውኛል አልኸኝ፣ ያቺ ቃልህ አብራኝ ታስራ ከረመች። እንዴት ነው በኋላ የገባህ?»

ነገርኋቸው። ስለ አሮጌው ተውኔት፣ ስለ ነፋሱና ስለ ቀረችው መርከብ፣ ስለ ልዕልቲቱ፣ በአጎቷ ግንብ ስለ መታሰሯ፣ በ«ዛው» ፈንታ «ዩ» ስለ ማለቷ፣ በትንንሽ ፊደል ስለ ገቡት ሁለት ዘበኞች። አባቴ እያቋረጡ ይጠይቃሉ፣ ልጅቱ ወላጅ የላትም ወይ፣ አጎቷ በማን ፈቃድ ነገሠ፣ የሞግዚቷ ልጅ ቅን ነው ወይ፣ ስትናገር ዘበኞቹን በዓይኗ ታያለች ወይስ አታይም። የስልኩን ዋጋ እታለም ከወዲያ ስታነሣ ይሰማኛል፣ «ተዪው» ይሏታል።

«ታዲያ ልጁ ገባው?» አሉኝ።

«ገና አልደረስሁበትም አባባ። መጽሐፉን ተውሁት።»

«ለምን ትተዋለህ? የጀመሩትን መተው ደግ አይደለም። ጨርሰህ ንገረኝ፣ እኔ ዓሥራ አምስት ቀን ከዚህ አለሁ።»  «ስሙ ማን ነው አልኸኝ?»

«ኦስዊን።»

«ኦስ… የክርስትና ስሙስ?»

«አይናገርም መጽሐፉ።»

«እንግዲህ ወልደ ሐዋርያት ብዬ አስበዋለሁ» አሉ፣ ከልባቸው ነው፣ የተጨነቀ ሰው ስም ሲሰጧቸው እንደሚሉት። «ቅን ልጅ ነው ብለኸኛል። በጸሎት አስበዋለሁ፣ እግዚአብሔር ያስረዳው፣ በዚያ በር እንዳይመጣ።»

«እሺ አባባ» አልሁ፤ «ያስቡት።» የእንግሊዝ ሰው ትራጀዲ የሚለው ምን እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም።